መቶ ኪሎ ሜትር በነሐሴ ዝናብ

ሐምሌ ሊጋመስ ሲል ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ አራዳ ጊዮርጊስ ግንብ ጥግ ያስጠለለው ሰው ሁሉ አንድ ወጣት እግር ላይ አፍጥጧል። ወጣቱ በቀኝ እግሩ ያረጀ ስኒከር፣ በግራው ከካርቶኑ ገና የወጣ የቆዳ ቡት አጥልቆ፣ ዝናብ ባልደረሰባት ጥግ ወዲህና ወዲያ ይላል። ጧፍ፣ ዕጣንና ጃንጥላ የሚሸጡ እናት ከላስቲክ ዳሳቸው ሥር ሆነው ይመለከቱታል።

«እንዴት ነው እማማ?» አላቸው።

«ቆንጆ ነው። ለሠርግ ይሁንህ። ለተክልዬ መንገድ ግን ያንን አሮጌውን ነው የምታደርገው።»

«ይኼ እኮ ውሃ አያስገባም።»

«የገባውንም አያስወጣም።»

የተጠለለው ሰው ሳቀ። ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ ቡቱን የገዛበት ገንዘብ የሁለት ሳምንት ደመወዙ ነው።

ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ ወርቅ ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ዐይኑን ከቀለበት ሳይነቅል ይውላል። እስከ ዛሬ በእግሩ የሄደው ረጅሙ መንገድ ከፒያሳ ቦሌ ሲሆን፣ እሱንም ታክሲ ስለጠፋ ነው። ዘንድሮ ነሐሴ 20 ንጋት ላይ ከዚሁ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ነሐሴ 24 ለሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ደብረ ሊባኖስ በእግሩ ለመግባት ተስሏል። ለምን እንደተሳለ አልጠየቅሁትም፤ ስለት ለተሳለለት እንጂ ለጋዜጠኛ አይነገርም። የጠየቅሁት ስለ ካልሲው ነው።

በእግር ተጉዞ መሳለም ለአገራችን ምእመን አዲስ ነገር አይደለም። ለገና ላሊበላ፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ መጋቢት 5 ዝቋላ አቦ እያለ ዓመቱ በእግረኛ ተሞልቷል። ላሊበላ ላይ ከየአውራጃው ለቀናት፣ ለሳምንታትም ተጉዞ የሚገባውን እንግዳ እግሩን አጥቦ መቀበል ዛሬም ያልቀረ ወግ ነው። ልብ ካሉት ግን እነዚህ በዓላት አብዛኞቹ የሚውሉት ዝናቡ ሲወጣ ወይም ከወጣ በኋላ ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ አዝመራው ይደርሳል፤ ለመንገደኛ የሚበቃ እህል በየቤቱ ይኖራል። ነሐሴ 24 እንዲህ አይደለም። በዚያ ወቅት ጭቃው ጉልበት ይውጣል፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ ሰማዩም ለማንም አያዝንም። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ግን ከባድ ጉዞ ይኼው ነው።

የቀኑ ትርጉም የጻድቁ ዕረፍት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይታሰባሉ፦ ታኅሣሥ 24 ልደታቸው፣ ጥር 24 ስብረተ እግራቸው፣ ግንቦት 12 ፍልሰተ ዐፅማቸው፣ ነሐሴ 24 ዕረፍታቸው። ገድላቸው እንደሚለው በዋሻ ቆመው ሲጸልዩ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዱ እግራቸው ተሰበረ፤ እሳቸውም በቀረው እግር ቆመው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ሥዕላቸው ላይ ስድስት ክንፍና አንድ እግር የሚታየው ለዚህ ነው። ሊሳለማቸው የሚሄድ እግረኛ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ማማረር የሚያፍረውም ለዚህ ይመስለኛል። ማማረሩን ቢተውም፣ መዘጋጀቱን ግን መተው የለበትም።

ጻድቁ ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ የተባለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የገዳሙ አለቃ እጨጌ እየተባለ በአገሪቱ መነኮሳት ሁሉ ላይ ሥልጣን ነበረው። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት አቡነ ባስልዮስም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ነበሩ። ዛሬ ከገደሉ አፋፍ በታች ጉልላቱ የሚታየው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ ያሠሩት ነው፤ የመስታወት ሥዕሎቹ የአፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ወጣቱ የአፈወርቅን እጅ ሳያውቅ ያውቀዋል፤ በየእሑዱ የሚሳለመው አራዳ ጊዮርጊስም ውስጡ በዚሁ ሠዓሊ ሥራ ያጌጠ ነው።

መነሻውን ጊዮርጊስ ማድረጉ ለእሱ ሰፈሩ ስለሆነ ብቻ ነው። እኔ ግን ቦታው ይመቻል እላለሁ። ስምንት ማዕዘኑ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለአድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸ፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የደፉበት ደብር ነው። ፊት ለፊቱ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ላይ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ፣ በግንባታው ጊዜ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» እየተባለ ይጠራ የነበረው፣ ከዚያው አጠገብ አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያሬድ ሹመቴና ጓደኞቹ የጀመሩት «ጉዞ አድዋ»ም የሚነሣው ከዚሁ ከምኒልክ አደባባይ ነበር። በጥር ብርድ ወጥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዞ፣ ለየካቲት 23 አድዋ መድረስ ነበር ዓላማው። እሱም በራሱ መንገድ መሳለም ነው፤ የሚሳለሙት አጥንት እንጂ ታቦት አለመሆኑ ካልሆነ በቀር።

እማማ ይኼን መንገድ የሄዱት በልጅነታቸው፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ከአባታቸው ጋር ነው። ዝናቡ ሲጠናባቸው ወንበር ሰጥተውኝ ያወጉኝ ይህን ነው።

«አባቴ ምን ያዘ መሰለህ? በሶ፣ ጨው፣ አንድ ባና፣ መቋሚያ። በቃ። ሲመሽ ያየነው ቤት ደጅ እንቆማለን። የመሸብን የእግዜር እንግዳ ነን፣ አሳድሩን እንላለን። ቤት ለእንግዳ ይሉናል። እግራችንን ያጥቡናል። እሳት ዳር እንቀመጣለን። ልብሱ እዚያው ይደርቃል።»

«የከለከላችሁ የለም?»

«አንድ ቤት ነበር። ሴትየዋ ወልዳ። እሷም ቢሆን ጎረቤት ጠርታ አስረከበችን።»

እኚህ እናት ሳያስቡት የጉዳዩን እምብርት ነገሩኝ። የድሮው ተሳላሚ ጥቂት ይዞ የሚወጣው ደፋር ስለነበረ ብቻ አይደለም። ማደሪያው፣ እሳቱ፣ የእግር መታጠቢያው፣ የደረቀ ልብሱ፣ የማግሥቱ ቁርስ ሁሉ መንገዱ ላይ ተሰናድቶ ይጠብቀው ነበር። ስፔን ውስጥ ወደ ሳንቲያጎ በሚወስደው መንገድ ይህን የሚያደርጉት ለተሳላሚ የተሠሩ ማደሪያዎች ናቸው፤ እግረኛው የጉዞ ደብተሩን በየደረሰበት ያስመታል። የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ440 ሺህ በላይ ሰው ይህን አሟልቷል። የሚገርመው፣ ከአራዳ እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለውም 100 ጥቂት የሚያልፍ ነው። በእኛ በኩል ግን ደብተር የለም፤ ማኅተሙም፣ ማደሪያውም፣ ወጥ ቤቱም የገበሬው ቤት ነበር።

ዛሬ ያ ቤት አልጠፋም፣ መንገዱ ግን ከእሱ ራቀ። አስፋልቱ በሜዳው መሐል ያልፋል፤ ተሳላሚው በአውቶቡስ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ ገዳሙ በር ላይ ይወርዳል። ፒያሳና አራት ኪሎ ግድግዳው ሁሉ የጉዞ ማኅበራት ማስታወቂያ የተለጠፈበት ነው፤ መነሻ ጊዮርጊስ፣ ቁርስና እራት ጨምሮ፣ መምህር ይዘን እንሄዳለን እያለ። ነውር የለበትም፤ አቅመ ደካማው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ሰኞ ሥራ የሚገባው የሚሳለመው በዚህ ነው። ውጤቱ ግን ከመንገዱ ዳር ያለው ቤተሰብ እግረኛ መቀበል እየረሳ፣ እግረኛውም መቀበል እንዴት እንደሆነ ሳያይ ማደጉ ነው። ስለዚህ የዛሬ ጀማሪ ድሮ መንገዱ ያሰናዳለት የነበረውን ራሱ ማሰናዳት ግድ ይለዋል። የወርቅ ሠሪው ሐምሌና የነሐሴ መግቢያ ያለፉት በዚህ ነው።

ከእግር እንጀምር። ለጀማሪ እግረኛ ዋናው ጠላት ርቀቱ ሳይሆን እግር ውሃ መቋጠሩ ነው። የሚቋጥረው ቆዳው ረጥቦና ሙቀት አግኝቶ ሲለሰልስ፣ ከዚያ ካልሲና ጫማ ሲፈትጉት ነው። በበጋ ላብ የሚያመጣውን በክረምት ዝናብ ያመጣል። በክረምት አንዳንዱ ብልጠት የመሰለው እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ጫማ ያደርጋል። ፌስታሉ ዝናቡን ይከለክላል፤ ላቡንም ይዘጋዋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግሩ በራሱ ውሃ የተቀቀለ ይሆናል። አዲሱን ቡት እማማ የተቃወሙበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው፦ ያልለመደ ቆዳ ይፈትጋል፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ አንዴ ከአፉ በኩል ከገባበት ለሁለት ቀን አይደርቅም። ቀላል፣ የተለማመደ፣ ውሃ ገብቶ የሚወጣው፣ አውራ ጣት ላይ የጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ያለው ጫማ ይበልጣል። ከገደሉ አፋፍ ወደ ገዳሙ ያለው የመጨረሻው ቁልቁለት ጣትን ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ጥፍር ከሳምንት በፊት መቆረጥ አለበት። በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ደግሞ ራሱ ቁስል ነው።

ካልሲ ብዙ ይዞ ሁለት ሁለት ማድረግ፣ ውስጡን ስስ። በየዕረፍቱ ማውለቅ፣ ማስተንፈስ፣ ተረከዝና ጣት መሐል ቫዝሊን መቀባት። የሠፈር አሮጊቶች ቅቤ ነው የሚሉት፤ ለውሾች መጋበዣ ካልሆነ በቀር ያው ነው። የተቋጠረውን ውሃ በመርፌ በስቶ ክር ማስገባትና ትቶ ማደር ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ሐኪሞች አይወዱትም። ክሩ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይመራል። ትንሽ ከሆነ እንዳለ መተው፣ ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ በተቀቀለ መርፌ ከጠርዙ አስተንፍሶ፣ ቆዳውን ሳይገሽሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይሻላል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህንንም በራሱ አይሞክረው፤ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላልና።

ባዶ እግር ስለመሄድ ወርቅ ሠሪው ለንስሐ አባቱ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ «ስለትህ መድረስ ነው ወይስ መቁሰል?» እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ባዶ እግር የሚሄዱ አሉ፤ እነሱ ዓመቱን ሙሉ በባዶ እግር የሚያርሱ፣ እግራቸው የጠነከረ ናቸው። ዓመት ሙሉ ካልሲ ለብሶ ወንበር ላይ የዋለ እግር፣ የጎጃም መንገድ ዳር የጠርሙስ ስብርባሪና ምስማር ላይ ሲወርድ የሚያገኘው ክብር ሳይሆን መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል። ጫማ ላደረገውም ቢሆን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ጊዜው አልፎ እንደሆን ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ መጠየቅ ከቡት ይረክሳል።

ልምምዱ እንጦጦ ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በአፍንጮ በር፣ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ ይወጣል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት ቦታ ነው። ከፒያሳ አንጻር ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል፤ አየሩ ይሳሳል። መጀመሪያ ቀን ሽሮ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጠው። ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አልፈውት ሄዱ። ጎረምሳ የሚከብደውን ሸክም ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ ጫማቸው የላስቲክ፣ ርምጃቸው አጭርና እኩል። እሱ ሁለት ርምጃ ሲሄድ አምስት ይሄዳሉ፤ አይቸኩሉም፣ አይቆሙም። ከዚያ ቀን በኋላ አረማመዱን ከእነሱ ቀዳ። ሽቅብ ሲወጡ ርምጃ ማሳጠር፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ማውራት የሚቻልበትን ፍጥነት መያዝ፤ ስፖርት አሠልጣኝ ቢቀጥር የሚነግረው ይህንኑ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ልምምዱ መልኩን ቀየረ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ጾም ነው፤ ቅዳሴው ከሰዓት ይወጣል፤ ሳይበሉ ሳይጠጡ ውሎ እንጦጦ መውጣት አያስኬድም። ለጀማሪ ይኼ ጥሩ አጋጣሚ ነው ባይ ነኝ። ጾሙ እስኪያልቅ አጫጭር ርቀት በየቀኑ፣ ከተፈታ በኋላ ሦስት አራት ቀን በሚገባ መብላትና መተኛት። ብዙ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ነው ራሱን የሚያደክመው። ጉልበት በዚያ ሳምንት አይገነባም፤ ይቆጠባል እንጂ።

ልብሱ ላይ ቤተሰብ ተጣላ። እናቱ ሁለት ጋቢ ይያዝ አሉ። ጋቢ ለደረቅ ብርድ የሚተካው የለም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ዝናብ ሲመታው ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ተጣብቆ ሙቀት ይሰርቃል። የመንዝ እረኛ ሱፍ የሚለብሰው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። የዱሮ ሰው በላዩ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ያደርግ ነበር። ዛሬ በገሳው ፋንታ ኮፍያ ያለው የላስቲክ ካፖርት፣ በባናው ፋንታ ሹራብ ይተካል። ነጠላው ተጠቅልሎ በፌስታል ከቦርሳ ሥር ይቀመጥ፤ የሚለበሰው ገዳሙ በር ላይ ነው። ፌስታሉ እግር ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው ሥራው። ጃንጥላ አራዳ ላይ ያዋጣል። ከሱሉልታ በኋላ ያለው ሜዳ ግን ዛፍ የለውም፤ ነፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦ ለባለቤቱ ያሸክመዋል። እማማ ጃንጥላ ሻጭ ሆነው ይህን ራሳቸው መናገራቸውን አደንቃለሁ።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ፣ አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናዎቹ። በረዶና መብረቅ ይቀላቀልበታል። የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ሰው በብርድ የሚጎዳው ግን በረዶ ሲያይ ብቻ አይደለም። የረጠበ ልብስ፣ ነፋስና ድካም አንድ ላይ ከመጡ ዐሥር ዲግሪም ይበቃል። እጁ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ ንግግሩ ሲወላገድ፣ መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ሲቆም ካያችሁት ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። ጣራ፣ ደረቅ ልብስ፣ ትኩስ ሻይ። አረቄ ብርድ ያወጣል የሚሉ ይኖራሉ፤ አረቄ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ቆዳ አውጥቶ ይበትናል።

ስንቁ ግን እናትየው ያሸነፉበት ነው። ሐምሌ መጨረሻ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ገብሱ ረጠብ ብሎ በሙቀጫ ተሸክሽኳል፣ ተነፍቷል፣ አሁን ምጣድ ላይ ነው። ዝናብ የከደነው ግቢ በገብስ ቁሊት ሽታ ታፍኗል። እጃቸው አያርፍም፤ ካረረ ይመራል፣ ካነሰ ይሻግታል ይላሉ። ከዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ በጨርቅ ከረጢት። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ዕቃ አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ካለ ብጥብጥ ይሆናል፣ ዘይት ካለ ይጨበጣል። ኪሎው ቀላል፣ ጉልበቱ ብዙ። ዳቦ ቆሎ ለኪስ፣ ሽምብራና ገብስ ቆሎ ለመንገድ ማሳጠሪያ። ልጃቸው ቸኮሌትና የታሸገ ብስኩት ሲያሳያቸው ተቀብለው ከበሶው አጠገብ አስቀመጡለት፤ ምንም አላሉም። ውሃ ከተማ ለከተማ የታሸገ ይገኛል፤ ከወንዝና ከቧንቧ ለሚቀዳው ግን ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ይዞ መሄድ ነው። ክረምት የጠራ የመሰለ ምንጭም የላይኛውን መንደር እጥበት ይዞ ይወርዳል።

መንገዱ ራሱ ይኼን ይመስላል። ከጊዮርጊስ ሰሜን ማዘጋጃ፣ አዲሱ ገበያ፣ ድል በር፤ ከዚያ የእንጦጦን ትከሻ ሽቅብ። የከተማው ጭስ ከኋላ ይቀራል፤ ጭጋጉ ከፊት ይመጣል። ሱሉልታ ላይ በንጋት የሚሮጡ አትሌቶች ይገናኙታል፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራበት አገር ነው። የመጀመሪያ ማደሪያ እዚያ ማድረግ ይበቃል፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወኔ አርባውን ኪሎ ሜትር ጨርሶ ጫንጮ ያስገባል፤ የሁለተኛው ቀን እግር ይከፍላል። ጫንጮ ላይ የደርባ ሲሚንቶ ጭነት መኪኖች መንገዱን ይቀላቀላሉ። ጭጋግ፣ ነጭ ነጠላና ሲሚንቶ ጫኝ መኪና አንድ ላይ አይሆኑም። በግራ በኩል፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ፣ አንድ በአንድ መሄድ፤ ቦርሳ ላይ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ማሰር፤ ከጨለመ አለመሄድ። ዱበርን አልፎ ሙከ ጡሪ ሲደርሱ ሰማንያው ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ደብረ ጽጌ፣ ከዚያ ፍቼ ሳይደረስ ወደ ቀኝ ታጥፎ የጀማ ሸለቆ አፋፍ። የራስ ዳርጌ አገር ነው፤ ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚባለውን የድንጋይ ድልድይ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ጭላዳዎቹ ገደሉ ላይ ሣር ይነጫሉ፤ በሶ በእጅ ይዞ አለመቆም ነው።

መንገዱ በሚያልፍበት በሰላሌ አብዛኛው ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ተክለ ሃይማኖትን በመውደድ ግን ከአራዳ ሰው አያንስም። «አካም ቡልተን» ብሎ ጠዋት ሰላምታ የሚሰጥ፣ ውሃ ሲፈልግ «ቢሻን» ማለት የሚያውቅ፣ ሲሰጡት «ገለቶማ» የሚል እንግዳ በር ፈጥኖ ይከፈትለታል። ወርቅ ሠሪው ይህን ከሥራ ባልደረባው በየምሳ ሰዓቱ ይማራል። ከካልሲው ቀጥሎ ብልህ ዝግጅቱ ይኼ ነው።

የማያስደስተውንም ማንሣት ግድ ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህ መስመር የታጣቂዎች እንቅስቃሴና የእገታ ሥጋት ነበረበት፤ ገዳማትም አልተረፉም፤ የካቲት 2016 ላይ አራት የዝቋላ መነኮሳት ተገድለዋል። ስለዚህ ከየትኛውም ዕቃ በፊት የመንገዱን ወሬ መጠየቅ ይቀድማል፦ ከመነሃሪያ ሾፌሮች፣ ከገዳሙ ሰዎች፣ ከየከተማው አስተዳደር። ብቻ አለመሄድ፣ የት እንደሚያድሩ ለቤተሰብ መናገር፣ መንገዱ ካልሆነ ስለቱን ለንስሐ አባት ነግሮ ማሻገር። ይህን ፍርሃት ማለት ስሕተት ነው። ተሳላሚ መሆን ከሞት እንደማያድን የሚያውቅ ገዳም ቢኖር ደብረ ሊባኖስ ነው። የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ገዳሙን ጠረጠረ፤ ትእዛዙን የፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ የጠበቀው የግንቦት 12ን በዓል ነበር። ከየአገሩ መጥተው ለበዓሉ የተሰበሰቡት ከመነኮሳቱ ጋር ተከበቡ፤ በማግሥቱ በጭነት መኪና ላጋ ወልዴ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተከተሏቸው። ግራዚያኒ በቴሌግራሙ ያስታወቀው በመጀመሪያ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ነው፤ ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ዐይን ምስክሮችን ጠይቀው የሟቾቹን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 አድርሰውታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለበዓሉ የመጡ እንግዶች ነበሩ።

ገዳሙ ከደረሱ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ነሐሴ 23 አመሻሽ መድረስ፣ እግር መታጠብ፣ ደረቅ መልበስ፣ ከተቻለ ማኅሌት መቆም። ዋሻው ጋ ያለው ጠበል ባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በሶው በቅርብ ይሁን። ማደሪያ የሚያገኝ ያገኛል፤ የማያገኝ በደጀ ሰላሙ፣ በድንኳኑ፣ በጣራ ሥር ሺህ ከሚሆን ሰው ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። የሚያሳስበው መመለሻው ነው። በአራት ቀን የዛለ እግር ተመልሶ አራት ቀን አይሄድም፤ የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሚኒባስ ላይ ያለው ግፊያ ከጉዞው ሁሉ ይብሳል።

ወርቅ ሠሪው ይህን አስቦበታል። ጊዮርጊስ በር ላይ ትኬት ከሚሸጥ የጉዞ ማኅበር የመመለሻ ወንበር ብቻ ሊገዛ ሄዶ ነበር።

«ደርሶ መልስ ካልሆነ አንሸጥም አሉኝ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«የመሄጃውንም ከፈልኩ። ነሐሴ 23 በዚያ ያልፋሉ፤ ካቃተኝ ሙከ ጡሪ ላይ ያነሱኛል።»